ክዳን የሌለው በርሜል

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አልፏል። ድሬዳዋ ላይ ይህ ሰዓት ፀሐይዋ ሰው ማባረር ገና ያልጀመረችበት፣ ግቢ የሚጠረግበት፣ ሻይ የሚጣድበት ነው። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ብዙም በማይርቅ፣ ሦስት ቤተሰብ በጋራ በሚኖርበት አንድ ግቢ በር ላይ የቆመችው ወጣት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በአንድ እጇ የእጅ ባትሪ፣ በሌላው እጀታው ረዘም ያለ ነጭ ጭልፋ ይዛለች። አጎበር ልታድል አልመጣችም፤ መድኃኒት የሚረጭም አላስከተለችም። ውሃ ልታይ ነው የመጣችው።

ውሃ ደግሞ ሞልቷል። ግድግዳውን ተደግፈው ሦስት ሰማያዊ በርሜሎች ቆመዋል። አንደኛው ላይ የተቀደደ ጆንያ ተጥሎበታል፣ ሁለተኛው በትሪ ተከድኗል፣ ሦስተኛው አፉን ለሰማይ ከፍቷል። ከማድቤቱ ጎን ባልዲና ጀሪካን ተደርድሯል። ፍየሎቹ የሚጠጡበት ግማሽ ጎማ አለ። ከአጥሩ ሥር ማንም የማያስታውሰው የቀለም ቆርቆሮ ግማሽ ድረስ ውሃ ይዞ ተቀምጧል።

«እሱ የመጠጥ ነው፣ ንጹሕ ነው» አሉ የግቢው እናት፣ ልጅቷ ወደ ሦስተኛው በርሜል ስትጠጋ።

«ንጹሕ ስለሆነ ነዋ የምትወደው፣ እማማ። ነይማ፣ ራስሽ እዪው።» ድሬ ላይ አንቱታ ለእንግዳ እንጂ ለጎረቤት ብዙም አይወጣም።

ጥላዋ ውሃው ላይ እንዳይወድቅ ዞራ ቆመች። ጥላ ካረፈባቸው እጮቹ ወደ በርሜሉ ሆድ ይጠልቃሉ፤ ተመልሰው እስኪወጡ መጠበቅ ነው። ጭልፋውን በጠርዙ በኩል አዘንብላ አስገባችና አወጣችው። በነጩ ጭልፋ ውስጥ ከሩዝ ፍሬ የሚያንሱ፣ ጠቆር ያሉ ነፍሳት ይንፈራገጣሉ። ከፊሎቹ ጭራቸውን ወደ ላይ፣ ጭንቅላታቸውን ወደ ታች አድርገው ተንጠልጥለዋል። ሌሎቹ ከውሃው ገጽ ጋር ተጋድመዋል።

«የተንጠልጠሉት የቀኗ ናቸው፣ ደንጊ የምታመጣው። የተጋደሙት የወባ ናቸው።»

እናትየው ጭልፋውን አዩ፣ በርሜሉን አዩ፣ ከዚያ ደግሞ ማታ ማታ የኒም ቅጠል የሚያጨሱበትን የከሰል ምድጃ አዩ። «ታዲያ እኔ በየማታው የማጨሰው ለማን ነው?»

የዚህ ዘገባ ጉዳይም ይኸው የእሳቸው ጥያቄ ነው። ግቢን መርዝ ሳይረጩ ከትንኝ መጠበቅ ይቻላል ወይ? ይቻላል። ችግሩ ብዙዎቻችን ከአየሩ መጀመራችን ነው። ክንፍ አውጥታ ከበረረች በኋላ እናጨስባታለን፣ እንረጭባታለን፣ በመዳፋችን እናሳድዳታለን። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሳምንት ያህል፣ መብረር በማትችልበት ዕድሜዋ፣ ከእኛው በርሜል ውስጥ ተቀምጣ ነበር።

ከተማ የገባችው ወባ

ወባን አብዛኞቻችን የምናውቃት የቆላ በሽታ አድርገን ነው። ክረምት ሲወጣ፣ ኩሬና ረግረጉ ሲያቁር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ትበረታለች። እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሳው ወረርሽኝ በኢትዮጵያ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። የመንግሥት የወባ ማጥፊያ አገልግሎት የተቋቋመውም በማግስቱ ዓመት ነበር። የዚያ ዘመን ዋና አስተላላፊ፣ ዛሬም በገጠሩ ዋናዋ፣ አኖፊለስ አራቢየንሲስ ናት። እሷ ዝናብ ትጠብቃለች፤ ፀሐይ በሚያገኘው የወንዝ ዳር ኩሬና ከብት በረገጠው ጉድጓድ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች። ከተሜው ስሟን እንጂ እሷን ብዙም አያውቃትም ነበር።

አዲሷ ግን ራሷ ከተሜ ናት። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ይህች ትንኝ የሕንድ፣ የፓኪስታን፣ የኢራንና የዓረብ ባሕረ ገብ ምድር ነዋሪ ነበረች። በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2012 ጂቡቲ ከተማ ውስጥ ነው። በዚያ ዓመት ጂቡቲ የመዘገበችው የወባ ሕመምተኛ 27 ብቻ ነበር። በ2020 ቁጥሩ ከ73,000 በላይ ሆነ። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2016 ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች ጅግጅጋ፣ ድሬዳዋ፣ ኤረር ጎታ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ገዋኔ፣ ሰመራ፣ ባቲ ላይም አግኝተዋታል። ካርታ ላይ ቢያያዙ ብዙዎቹ ከጂቡቲ ወደ መሀል አገር የሚመጣው የጭነት መኪና የሚያልፍባቸው ናቸው።

ድሬዳዋ ላይ የሚፈራው ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2022 ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ባሉት ወራት ከ2,400 በላይ የወባ ሕመምተኞች ተመዘገቡ፤ ወባ ሊያንቀላፋ በሚገባው በደረቁ ወቅት መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የተነሳው የፍጹም ታደሰ ቡድን የሕመምተኞቹን ቤትና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ማደሪያ ዙሪያ ሲፈትሽ፣ በብዛት ያገኛት ትንኝ ስቴፈንሲ ነበረች። በ2023 የታተመው ጥናታቸው ወረርሽኙን ከእሷ ጋር አያይዞታል። እጮቿ የተገኙት ሰው ለራሱ ባጠራቀመው ውሃ ውስጥ ነው።

ያው በርሜል ሌላም ታሪክ አለው። ድሬዳዋን እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ አጥቅቷታል፤ ቺኩንጉንያ ብቻውን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ ጥሏል። ሁለቱንም የምታስተላልፈው እግሮቿ በነጭ የተዠጎረጎሩት፣ ቀን የምትነክሰው ኤዴስ ኤጂፕታይ ናት። እሷም እንደ ስቴፈንሲ የምትፈለፈለው ከግቢ ዕቃ ውስጥ ነው። ከሽንት ቤት ጉድጓድና ከቆሸሸ ቦይ የምትወጣው፣ ሌሊቱን ጆሮ ላይ የምትጮኸው ኩሌክስ ሦስተኛዋ ናት። አዲስ አበቤ ቢምቢ እያለ የሚያማርረው ብዙ ጊዜ ይህችኑ ነው። እንግዲህ በቦዩ ሽታ ተማርረን ጣታችንን ወደ ቦዩ ስንቀስር፣ ድሬዳዋ ላይ ገዳዮቹ ከመጠጥ ውሃችን እየወጡ ነው።

«ታዲያ ለምን አይረጭም?» የሚል ይኖራል። ይረጫል፤ መረጨቱም በቦታው ይጠቅማል። ነገር ግን ኢትዮጵያ ውስጥ የተፈተሸችው ስቴፈንሲ ግድግዳ ላይ ለሚረጩትና አጎበር ለሚነከርባቸው ለአብዛኞቹ የኬሚካል ዓይነቶች እጇን የማትሰጥ ሆና ተገኝታለች። ደግሞም ከብት ቤትና ከቤት ውጭ ማረፍ ስለምትወድ የተረጨው ግድግዳ ላይ ላታርፍ ትችላለች። ግቢ ውስጥ በጣሳ የሚነፋው መርዝ ዛሬ ማታ ጥቂቶቹን ይጥላል፣ ንቡንና ትንኝ የሚበላውን የውሃ ተርብ አብሮ ይጥላል፣ ነገ ጠዋት ከበርሜሉ አዳዲሶቹ ይወጣሉ። ሌላ አገር መርዝ አልባ ግቢ የሚባለው ነገር የቅንጡዎች ምርጫ ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን ወደዚያ የሚገፋን መርዙ ራሱ መድከሙ ነው።

የአንድ ሳምንት ሒሳብ

የትንኝ ሕይወት የሚጀምረው ውሃ ላይ ነው። ከእንቁላል እጭ ይፈለፈላል፤ እጩ እየበላ፣ ቆዳውን እየቀየረ ያድጋል፤ ቀጥሎ ምግብ የማይበላበት አጭር የለውጥ ጊዜ አለ፤ ከዚያ ክንፍ ይወጣል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሙቀት ይህ ሁሉ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ደም የምትፈልገው ሴቷ ብቻ ናት፣ እሱም ለእንቁላሏ ነው። ወንዱ የአበባ ወለላ ቀምሶ ይሞታል።

ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ቀን ከተነካ፣ የትኛውም ዕቃ ትንኝ ማሳደግ አይችልም። ዋናው ሥራ ይህን ያህል ቀላል ነው፤ የሚከብደው ሳያቋርጡ መሥራቱ ነው። ቀኑ ይታወቅ። ቅዳሜ የልብስ ማጠቢያ ቀን ከሆነ ቅዳሜ ይሁን። የፍየሎቹ ጎማ ይገልበጥ፣ የቀለም ቆርቆሮው ይጣል ወይም ይበሳ፣ የአበባ ማስቀመጫው ሥር ያለው ሳህን ይደፋ፣ ጣሪያ ላይ ያለው አሸንዳ ቅጠል ዘግቶት እንደሆነ ይታይ። የሚደፋው ውሃ ደረቅ አፈር ላይ ይደፋ፤ እጩ እዚያ ይሞታል። ቦይ ውስጥ ከደፉት ግን ቤት ቀየረለት እንጂ አልሞተም።

መድፋት ብቻውን የማይበቃበት ምክንያትም አለ። ኤዴስ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው ገጽ ከፍ ብሎ፣ ርጥበት ባለው የዕቃው ግድግዳ ላይ ነው። እንቁላሉ ደርቆ ወራት ሊቆይ ይችላል፤ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። በርሜሉን ባዶ አድርገው በማግስቱ የሞሉት ሰው እንግዲህ ለእንቁላሎቹ ደግሶላቸዋል ማለት ነው። የውስጥ ግድግዳው በብሩሽ ወይም በሸካራ ጨርቅ፣ በተለይ ከላይ ያለው የውሃ ልክ መስመር፣ ተፈግፍጎ መታጠብ አለበት።

እዚህ ላይ የድሬዳዋ ሰው የሚጠይቀውን አውቃለሁ። ቧንቧው በተራ ነው የሚመጣው፤ መቼ እንደሚመለስም አይታወቅም። በመከራ የሞላሁትን በርሜል ለትንኝ ብዬ አልደፋም! ልክ ነው። ማንም አይደፋም፣ ድፉ የሚል መመሪያም ወረቀት ላይ ይቀራል። የሚሠራው ማጥለል ነው። ያረጀ ነጠላ ወይም ሻሽ በባዶ በርሜል አፍ ላይ ተወጥሮ ይታሰርና ውሃው በእሱ በኩል ይገለበጣል። እጩ ጨርቁ ላይ ይቀራል፤ ጨርቁ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የተለቀቀው በርሜል ተፈግፍጎ ታጥቦ ለሚቀጥለው ተራ ይዘጋጃል። ጠብታ ውሃ አልባከነም።

ክዳን ሲባልም ሁሉም ክዳን አይደለም። ጆንያ ጣል ማድረግ ክዳን አይባልም፤ ትሪም አይባልም። ሴቷ የምታልፈው ጣት በማያስገባ ክፍተት ነው። ጥሩው ነገር እዚህም ነጠላው ነው። በርሜሉ አፍ ላይ ተወጥሮ ዙሪያውን በቆረጡት የብስክሌት የውስጥ ጎማ ከታሰረ፣ ቧንቧው ሲመጣ ውሃው በላዩ ላይ ይገባል፣ ትንኟ አትገባም። ቀድሞ ውስጥ የነበረ እጭ ክንፍ ቢያወጣ እንኳ እዚያው ተዘግቶበት ይሞታል። በቆጣቢነት ያረጀ አጎበር ለዚህ የሚጠቀሙ አሉ፤ አጎበሩ መድኃኒት የተነከረ ስለሆነ የመጠጥ ውሃ ላይ ባይሆን ይሻላል። ሮቶ ላይ ደግሞ ክዳኑ ብቻ አይደለም የሚታየው፤ የትርፍ ውሃ መውጫው ቱቦ አፉ በወንፊት ካልተሸፈነ ትንኟ የምትገባው በዚያ በኩል ነው።

አሳዋና ባክቴሪያው

የማይገለበጥ፣ የማይጠለል ውሃም አለ። የመሬት ውስጥ ታንከር፣ ጉድጓድ፣ ትልቅ የሲሚንቶ ገንዳ። እዚህ ላይ ሕይወት ያለው ረዳት ያስፈልጋል፤ በዚህ ረገድ ከሕንድም ከአሜሪካም ሳንዋስ የራሳችን ታሪክ አለን።

አሰብ ገና የኢትዮጵያ ወደብ ሳለች፣ ነዋሪዋ ውሃ የሚያጠራቅመው በጉድጓድ፣ በገንዳና በበርሜል ነበር። ወባዋም ከዚያው ትወጣለች። ዶክተር አዋሽ ተክለሃይማኖት የነበሩበት የተመራማሪዎች ቡድን የውጭ ዓሣ ከማስመጣት ይልቅ በአካባቢው ያለውን ፈለገ። የተገኘው አፋኒየስ ዲስፓር ነው፤ ከጣት ርዝመት ያልበለጠ፣ ሙቀትም ጨውም የማይበግረው፣ በቀይ ባሕር ዳርና በአፋር ዝቅተኛ ቦታዎች የሚኖር ዓሣ። በከተማዋ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ተጨመረ፤ ዓሣው ያለባቸውና የሌለባቸው ተነጻጸሩ። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመው ውጤት ዓሣው እጩን በሚገባ እንደቀነሰ ያሳያል። ያ ጥናት ከስቴፈንሲ መምጣት ሃያ ዓመት ቀድሞ የተሠራ ነው፤ ነገሩን ሳነብ የዛሬው የድሬዳዋ ችግር መልስ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ እንደኖረ ተሰማኝ።

ዓሣ ግን ክትትል ይጠይቃል። ክሎሪን የበዛበት ውሃ ይገድለዋል፤ ገንዳው ሲደርቅ አብሮ ይሞታል፤ ባልዲ ይዞት ይወጣል። ደግሞም ከሩቅ አገር የመጣ ዓሣ ወደ ወንዝና ሐይቅ መልቀቅ ነውር ነው። ጋምቡዝያ የሚባለው የአሜሪካ ዓሣ ትንኝ ይበላል ተብሎ በዓለም ዙሪያ ተበትኖ የአገሬውን ዓሣና እንቁራሪት ጎድቷል። የአካባቢው ዓሣ፣ በተዘጋ ውሃ ውስጥ፤ ደንቡ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ረዳት ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ዮኤል ማርጋሊትና ሊዮናርድ ጎልድበርግ በእስራኤል ኔጌቭ በረሃ፣ የትንኝ እጭ በብዛት ሞቶ ከተንሳፈፈበት ኩሬ አንድ ባክቴሪያ ለዩ። ዛሬ ቢ.ቲ.አይ. በሚል አጭር ስሙ ይታወቃል፤ ዓለም ላይ ትንኝን ለመከላከል ከሚውሉት ሕያው መድኃኒቶች ሁሉ ስሙ የገነነው እሱ ነው። ማርጋሊት በ2003 የታይለር የአካባቢ ሽልማት ተጋርተውበታል።

የሚገርመው አሠራሩ ነው። ባክቴሪያው በሰውነቱ ውስጥ የፕሮቲን ቅንጣት ይሠራል። እጩ ውሃውን እያጣራ ሲበላ ቅንጣቱን ይውጣል። የእጩ አንጀት እንደ ሳሙና ውሃ አልካላይን ስለሆነ ቅንጣቱ እዚያ ይሟሟል፣ የአንጀቱን ግድግዳ ይበሳል፣ እጩ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። የሰው ጨጓራ ግን አሲድ ነው፤ ቅንጣቱ በእኛ ሆድ ውስጥ ያን ሥራ አይሠራም። ዓሣን፣ ንብን፣ ዶሮን አይነካም። ለመጠጥ ውሃ እንዲሆኑ ተለይተው የተዘጋጁ ዓይነቶች ስላሉት በርሜል ውስጥ የሚገባው እነሱ ብቻ መሆን አለባቸው። ድክመቱ ፀሐይ ላይ ቶሎ መድከሙ ነው፤ በየአንድ ወይም ሁለት ሳምንቱ መጨመር ይኖርበታል። ምግብ ያቆመውን፣ ክንፍ ሊያወጣ የተቃረበውንም አይገድልም። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ዱቄት ገዝቶ ውሃ ውስጥ ከመጨመር ግን ጤና ጣቢያ ወይም ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቅ ነው።

ስለ አገር በቀል ነገር ሲወራ እንዶድ መነሳቱ አይቀርም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው የብልሃርዝያን መከላከያ ያገኙበት ታሪክ የምንኮራበት ነው። ነገር ግን ቀንድ አውጣ የሚገድለው ያው እንዶድ ዓሣም ይገድላል። መርዝነት ፋብሪካ ውስጥ ብቻ አይሠራም። እንዶድ ለልብስ ይሁን፣ መጠጥ ውሃ ውስጥ አይግባ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ያቆረ ውሃ ላይ ማፍሰስም እንዲሁ ነው፤ እጩን በእርግጥ ያፍናል፣ አፈሩንና የጉድጓዱን ውሃም አብሮ ያበላሻል። እንዲህ ያለውን ጉድጓድ አፈር መሙላት ከዘይቱ ይረክሳል።

ጭሱ፣ ዶሮዋና በቆሎው

ወደ እናትየው ምድጃ እንመለስ። ጭሱ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ከርቤና ዕጣን፣ ወይራና ትንጁት፣ ኒምና ባሕር ዛፍ የሚጨስበት ቤት ብዙ ነው። በአዲስ አበባና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎች የተደረጉ ሙከራዎች ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሲጨሱ የትንኝ ንክሻ በግልጽ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ሁለት ነገር ግን ይታወቅ። ጭሱ ሲበን ጥቅሙም ይበናል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ከሰሉ አመድ ሲሆን ትንኟ ትመለሳለች። ሁለተኛው፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ በየማታው የሚጨስ ነገር ለሕፃናት ሳንባ አይበጅም። ማታ ግቢ ላይ ቡና ሲፈላ፣ ሰው ውጭ ሲጫወት ያጭሱት፤ ቤት ዘግቶ ማጨስ ግን ይቅር።

ጠጅ ሳር፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም በአጥር ዙሪያ መትከልስ? ለሻይ፣ ለወጥና ለቡና ይተከሉ። ቆመው ብቻ ትንኝ አያባርሩም፤ ሽታቸው የሚወጣው ሲታሹ ወይም ሲቃጠሉ ነው። በመብራት የሚሰካው፣ የማይሰማ ድምፅ ያወጣል የሚባለው ዕቃ ደግሞ በፍተሻ ተደጋግሞ ከንክሻ እንደማያስጥል ተረጋግጧል። በዚያ ገንዘብ ቬንትሌተር ይገዛል። ትንኝ በነፋስ ላይ መብረር ስለማትችል፣ ድሬ ውስጥ በረንዳ ላይ የሚዞር ቬንትሌተር ከብዙ ቅባት የተሻለ ሥራ ይሠራል፤ መብራት ካልጠፋ።

ዶሮ ላለው ግቢ ደስ የሚል ወሬ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድን ተመራማሪዎች በምዕራብ ኢትዮጵያ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት፣ አራቢየንሲስ የዶሮን ደም እንደምትሸሽ፣ የዶሮ ሽታም ራሱ እንደሚያርቃት ተገኝቷል። ጎጆ ውስጥ ከሰው አልጋ አጠገብ ዶሮ በሽቦ ቤት ሰቅለው ነበር የፈተሹት። ሙከራው በገጠሯ ትንኝ ላይ ነው የተደረገው፤ ዶሮዋን አልጋ አጠገብ ስቀሉ አልልም። ብትኖር ግን አትጎዳም። ለዶሮዋ የሚቀመጠው ውሃ በየቀኑ ይቀየር እንጂ።

ከዶሮው ይልቅ ብዙ የማይወራለት በቆሎው ነው። እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች አንድ ያልተጠበቀ ነገር አሳይተዋል። በቆሎ ሲያብብ ከራሱ የሚረግፈው ብናኝ ኩሬ ላይ ያርፋል፤ ለአራቢየንሲስ እጭ ይህ ቀለብ ነው። እሱን የበላ እጭ ቶሎ ያድጋል፣ ትንኟም ተለቅ ብላ ትወጣለች። የማነ የእቢዮና ባልደረቦቹ ውጤቱን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ መካንም የተሻሻለው በቆሎ ወደ ምዕራብ ጎጃሟ ቡሬ መግባትና የ1998ቱ የወባ ወረርሽኝ እንዴት እንደተገጣጠሙ ጽፈዋል። ጓሮው ውስጥ፣ ከቤቱ ግድግዳ ጥግ ድረስ በቆሎ የሚዘራ ገበሬ ዘሩን ይተው ማለት አይቻልም። አፈር ለምርግ የተቆፈረበት ጉድጓድ አጠገብ ግን ጎመን ወይም ድንች ይሁን፣ በቆሎው ራቅ ይበል።

ስለ ዕፅዋት ይህን ካልኩ፣ በአፋርና በድሬዳዋ ዙሪያ ምድሩን የወረረውን ፕሮሶፒስ ሳላነሳ አላልፍም። ማሊ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት የዚህን ዛፍ ያበቡ ቅርንጫፎች ከመንደር ዙሪያ ሲቆርጡ የትንኞቹ ብዛት በ70 በመቶ ገደማ መቀነሱን ዘግቧል። ትንኟም ስኳር ትፈልጋለች፤ ዓመቱን ሙሉ የሚያብብ ዛፍ ደግሞ ስኳር ቤቷ ነው። ከአጥር ሥር የበቀለ ፕሮሶፒስ ካለ መቁረጫው ጊዜ አሁን ነው።

የጎረቤት ነገር

አንድ ግቢ ብቻውን አይድንም። ሁለቱም የበርሜል ትንኞች ብዙ ርቀት የሚበርሩ አይደሉም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከተፈለፈሉበት ጥቂት መቶ ሜትር አይርቁም። ይህ መልካም ዜናም መጥፎ ዜናም ነው። የነከሰችህ ትንኝ ከራስህ ወይም ከጎረቤትህ ግቢ የወጣች ናት፤ አንተ ከድነህ እሱ ካልከደነ ትመጣለች። ለዚህ ሥራ አዲስ ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልግም። እድር አለ። ለቀብር ድንኳን የሚተክል እድር፣ በወር አንዴ ስብሰባው ላይ የበርሜል ቀን ቢወስን ከማንኛውም ዘመቻ ይበልጣል። ከጤና ጣቢያ የምትመጣዋ ልጅ አንድ ናት፣ ግቢው ሺህ ነው።

ደግሞም ይህ ሁሉ አጎበርን አይተካም። ድሬ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ አልጋ ወደ ግቢ ይወጣል፤ አጎበሩም አብሮ መውጣት አለበት። ትኩሳት ሲመጣ «ብርድ ነው» ብሎ ሁለት ቀን መጠበቅም አይገባም፤ በዚያው ቀን ደም መመርመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ ብቻ በመላ ኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኛና 1,157 ሞት ተመዝግቧል።

ነገሩን ሁሉ በእናቶች ትከሻ ላይ ጥሎ መሄድ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። በርሜሉ ግቢ ውስጥ የቆመው ቧንቧው ስለሚጠፋ ነው። ውሃ በየቀኑ ቢመጣ ማንም ሰው ሦስት በርሜል አይገትርም። ከበርሜሉ በላይ ደግሞ ግንባታው አለ። በየመንደሩ ለኮንክሪት ማጠጫ የሚቆፈረው፣ በፕላስቲክ የሚነጠፈውና ወራት የሚቆየው የውሃ ጉድጓድ ስቴፈንሲ ከምትፈለፈልባቸው ቦታዎች ዋነኛው ሆኖ ተመዝግቧል። ይህን ጉድጓድ ለመጥረግ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሥልጣን የላትም።

የትንኟ አገር ሕንድ ይህን ጣጣ ከመቶ ዓመት በፊት አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1911 ቻርልስ ቤንትሊ የተባለ ሐኪም የቦምቤይ ወባ ከከተማዋ ጉድጓዶችና የውሃ ማጠራቀሚያዎች እንደሚወጣ በዘገባው አሳየ። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ፣ የዛሬዋ ሙምባይ፣ የውሃ ታንከር ትንኝ እንዳያስገባ ሆኖ እንዲከደን በሕግ ታስገድዳለች። ተቆጣጣሪ ጣሪያ ድረስ ወጥቶ ያያል፤ ያልከደነ ይቀጣል። ወባዋ ጨርሳ አልጠፋችም፤ የከተማው አስተዳደር ግን ክዳንን የባለቤቱ ፈቃድ አድርጎ አልተወውም።

የእኛም ከተሞች ይህን ማድረግ አያቅታቸውም። ድሬዳዋ፣ ጅግጅጋ፣ ሰመራ፣ ባቲ የግንባታ ፈቃድ ሲሰጡ የውሃ ጉድጓዱ እንዲከደንና ሥራው ሲያልቅ እንዲሞላ ውል ያስፈርሙ፤ ውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቶችም ተራው መቼ እንደሚመጣ አስቀድመው ይንገሩ፣ ሰው ቢያንስ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ እንዲያጠራቅም። አከራዮች ለተከራዮቻችሁ የሚዘጋ በርሜል ስጡ። ሮቶ የምትገዙም ክዳኑ ካልገጠመ፣ የትርፍ ውሃ ቱቦውም ወንፊት ከሌለው፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ አትግዙት።